ሠላሳ ቀን የተሰጣት ጳጉሜ

በደርግ ጊዜ ነቀምት ውስጥ በአንድ ሐኪም ቤት ሂሳብ መርማሪ ነበርኩ። ጸሐፊው የበሽተኛውን ሂሳብ ይሠራል፤ እኔ ስህተትና ትርፍ ክፍያ አለመኖሩን አይቼ እፈርማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ገንዘብ ቤት የሚቀበለው። ደሞዝ የምበላው ለዚህ ብቻ ነበር፤ እሱንም በቅጡ አልሠራሁትም።

አዲስ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን አንድ የሲሬ ገበሬ የሚስቱን ሂሳብ ይዞ መስኮቴ ላይ ቆመ። ሚስቱ ሳንባዋን ታማ ከነሐሴ ሃያ ስምንት ጀምሮ ተኝታለች። ነጻ ሕክምና አልተፈቀደለትም፤ የገበሬ ማኅበሩ ሁለት በሬ ያለው ድሃ አይባልም ብሎ ወረቀቱን ከልክሎታል። ስለዚህ አንዱን በሬ ሸጦ ብሩን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ መጣ። ሐኪሙ ገና የሰባት ቀን መርፌ ይቀራታል ብሏል፤ የእሱም ሐሳብ እስካሁን ያለውን ከፍሎ በተረፈው መርፌውን ሊያስጨርሳት ነው።

ወረቀቱን አየሁት። ሠላሳ ሰባት ቀን ይላል። የቀኑ ዋጋ በሠላሳ ሰባት ተባዝቷል። ብዜቱን አጣራሁ፤ ልክ ነው። ፈረምኩ።

ድምሩን ስነግረው ክው አለ። «ኦቦ፣ ሠላሳ ሰባት አይሆንም። እኔ ሁለት የሲሬ ገበያ ብቻ ነው ያለፈኝ» አለኝ።

እኔም፣ ምላሴ ይቆረጥና፣ ሳቅሁበት። «አንተ ሰውዬ፣ መንግሥት በገበያ አይቆጥርም! ትከፍል እንደሆነ ክፈል፣ አለዚያ ከመስኮቴ ዞር በል!» አልኩት። ከኋላው ሰልፍ ነበር፤ ደግሞም ርቦኝ ነበር። ይሄ ምክንያት ነው እንዴ! ደግሞ ነገረኝ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ቋጠሮውን ፈቶ ገንዘብ ቤት ከፈለ። የተረፈው ለአውቶቡስ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሚስቱን ደግፎ ሲያወጣት በመስኮት አየሁ። ሁለት እርምጃ እየሄደች ትቆም ነበር።

በማግስቱ ሂሳቡን ከአልጋ መዝገብ ጋር ሳመሳክር ቀኑ አልገጥም አለኝ። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው አሥራ ሁለት። ወይ ጉድ! ጸሐፊያችን ቀን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ወር ባየ ቁጥር ሠላሳ ይጽፋል። ዓመቱን ሙሉ ይሄ ያስኬዳል፤ ወራችን ሁሉ ሠላሳ ነውና። ከልምዱ የተነሳ አምስት ቀን ላላት ለጳጉሜም ሠላሳ ሰጥቷታል። እኔም ብዜቱን አየሁ እንጂ ቀኑን አልቆጠርኩም። ገበሬው በገበያው ቆጥሮ ያገኘውን እኔ በመዝገቤ አጣሁት።

ገንዘቡን ለመመለስ የአስተዳዳሪው ፊርማ ያስፈልጋል። አስተዳዳሪው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱም ስብሰባ፣ በሦስተኛውም ቀን ስብሰባ። ከኪሴ እንዳልሰጥ ኪሴ ባዶ ነው። አዳራሹ በር ላይ ቆሜ መፈክራቸውን ስሰማ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን አስፈርሜ ብሩን ተቀበልኩና በመጀመሪያው አውቶቡስ ሲሬ ሄድኩ።

በሰው በሰው አጠያይቄ ቤቱን ሳገኘው ደጁ በሰው ተሞልቷል። ያኔውኑ ገባኝ። ከቀበሯት ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ሰውየው አወቀኝ፤ ብድግ ብሎ መቀመጫውን ለቀቀልኝ። ይህን ከሚያደርግልኝ በዱላ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እየተንተባተብኩ የሆነውን ነገርኩትና ብሩን አስጨበጥኩት። አልቆጠረውም።

«ይሄ ብር ስንት ቀን ያስተኛት ነበር?» አለኝ።

ልዋሸው አሰብኩ። እግዜር ያውቃል፣ ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሃያ አምስት» አልኩት።

ወደ ለቀስተኞቹ ዞረና ቁጥሩን በኦሮምኛ ነገራቸው፤ «ዲግደሚ ሸን።»

የሟች እናት «ልጄን ሰባት መርፌ ብቻ ነበር የቀራት!» ብለው ጮኹ።