ቦራን አንቱ ያልኩ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ፋጡማ የደብረ ሲና ቆሎ ይዛልን መጣች። የሥነ ልቦና ምክር ነው የምትማረው። ቆሎውን እየዘገንን ስልኳን ከፍታ አንድ ውሻ አሳየችን፤ ምክር ፈልጎ የመጣ ሰው እግር ሥር ተጋድሟል።

«ሥራው ይሄ ነው አባባ። ሰው ከባለሙያው ጋር ሲነጋገር አጠገቡ ይሆናል፤ የጨነቀውን ሰው ቀለል ይለዋል።»

ባለቤቴ ከዲጃ ቆሎው ትን እስኪላት ሳቀች። «ይሄማ ሸዋ ሮቢት ድሮ ነበረ! አያትሽን ጠይቂው!»

ዛሬ ወሬ ከጀመርኩ ማን ያስቆመኛል? በሃያ ዓመቴ ግን ተብታባ ነበርኩ። ከሁሉ የሚያበግነኝ የሰዉ ቸርነት ነው፤ «ወ... ወ...» ስል «ወተት?» ብለው ይጨርሱልኛል። ወንበር ፈልጌ፣ ቆሜ ወተት የጠጣሁበት ቀን ብዙ ነው።

ከዲጃን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሽ እንድሪስ፣ «ድምፁን ላልሰማሁት ሰው ልጄን አልሰጥም፤ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ» አሉ። በቃ፣ ከዲጃ አመለጠችኝ አልኩ።

ማሽላችን እሸት ስለያዘ ወፍና ዝንጀሮ ስጠብቅ ነበር የምውለው፤ አብሮኝ ያለው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ውሻችን ቦራ ብቻ። ሌላ ማን አለኝ? ጥላ ሥር አስቀመጥኩትና «ጋሽ እንድሪስ፣ ል... ል...» አልኩት። ቦራ አልቸኮለም፣ አልጨረሰልኝም። ጆሮውን ቀስሮ ጠበቀኝ። ቃሉ ራሱ ወጣ! ከደስታዬ ብዛት አንድ ዛላ እሸት ሰጠሁት፤ አሽትቶ ተወው። ሳምንቱን ሙሉ አንቱ እያልኩ ስለምነው መንገደኛ ሰምቶኝ ኖሮ አበደ ተብሎ ተወራብኝ።

ጁምዓ ደረሰ። ጋሽ እንድሪስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ግራራቸው ሥር ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን እንኳ መጨረስ አቃተኝ፤ ላቤ በሙቀቱም በፍርሃቱም ይንቆረቆራል። አንዱ ሽማግሌ ቃሌን ሊጨርሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ ቦራን አየሁት፤ ለካ ተከትሎኝ መጥቷል። እኛ ዘንድ ውሻ የነካው ልብስ ታጥቦ ነው የሚሰገድበት፤ እሱም ከአጥሩ በር አላለፈም፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ጆሮውን ቀስሯል። ፊቴን ወደ እሱ መለስኩና አንዴም ሳልሰናከል፣ «ልጅዎን ከዲጃን ይስጡኝ፤ አከብራታለሁ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ዞረው ቦራን አዩት።

«አንተ ልጅ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ «ልጄን የጠየቅኸው እኔን ነው ወይስ ውሻውን?»

«እ... እሱ ስለሚጠብቀኝ ነው፣ ጋሼ።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ በሳቅ ፈነዱ። ዓይናቸውን እየጠረጉ «ውሻን አንቱ የሚል ሰው ልጄን ክፉ አይናገራትም። ሰጥቻለሁ፤ ዱዓ አድርጉ!» አሉ።

ከዲጃ ያን ቀን ከበር ኋላ ሆና ሁሉንም ታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቃሌን ጨርሳልኝ አታውቅም። እየቆየ ምላሴ የተፈታው በዚያ ይመስለኛል።

ይህን ለፋጡማ ነግሬ ስጨርስ ግን ድንገት ምላሴ ተያዘ። «ቦራ እኮ... ና... ና...»

ፋጡማ ልትጨርስልኝ ስትል ከዲጃ እጇን ያዝ አደረገቻት። ሁለቱም ጠበቁኝ።

«ናፈቀኝ» አልኩ።