ቀዝቃዛውን ምድጃ ማን ያሙቅ?

ፌልተን ራውሸር አሜሪካ ውስጥ በሃድሰን ወንዝ ዳር የሰፈሩት የጀርመን ራይን ስደተኞች የምድጃ ጠባቂ ነበር። ሹመቱን የሰጠው ማንም የለም። የሰፈሩን የዳቦ ምድጃ ከሸክላና ከድንጋይ ሲሠራ ከረመ፤ ሲያልቅ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ በቃ፣ ጠባቂ ሆነ።

የምድጃው ነገር ደስ ስለሚል ረጋ ብለን እንየው። እሳቱ የሚነደው ዳቦው በሚገባበት በዚያው ሆድ ውስጥ ነው። እንጨቱ ነዶ ሲያልቅ ፍሙ ይጠረጋል፣ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ ዳቦው የሚበስለው ድንጋዩ በጠጣው ሙቀት ነው። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከቀዘቀዘ ምድጃ የሚጀምር ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ ሲማግድ ይውላል። ከእሱ ቀጥሎ የሚጋግረው ግን በአንድ እቅፍ ጭራሮ ይገላገላል። ስለዚህ ሁሉም ሁለተኛ መሆን ይፈልጋል፤ አንደኛ ልሁን የሚል አልተወለደም።

በአገራቸው ሳሉ ጫካው የመስፍኑ ነበር፤ እንጨት መልቀም ያስቀጣል፣ በየቤቱ ምድጃ መሥራትም ክልክል ነው። ስለዚህ ተራውን በዕጣ ያወጡ ነበር። ጦርና ውርጭ ከአገር ሲያስወጣቸው ብዙ ነገር ጥለው መጡ፤ ይህን ጠብ ግን ጠቅልለው ባሕር አሻገሩት። እዚህ ጫካው ደጃፍ ድረስ መጥቶ «ልግባ ወይ» እያለ፣ እነሱ ቅዳሜ ቅዳሜ በፌልተን ባርኔጣ ውስጥ ዕጣ ጥለው ስለ ማገዶ ይናቆራሉ።

ለፌልተን ግን ቅዳሜ ማለት ሌላ ነበር። ሚስቱ መርከብ ላይ ሞታ ባሕር ውስጥ ቀርታለች፤ ልጅ የለውም። ሌላውን ቀን ከመጥረቢያው በቀር የሚያነጋግረው አልነበረም።

ፌልተን ልጇን ክርስትና ያነሣላት መበለቷ ኦዲልያ ብሬም፣ አንደኛው ዕጣ ደጋግሞ እሷ ላይ ሲወድቅ አንድ ቅዳሜ ገነፈለች።

«አበልጄ፣ ባርኔጣዎ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የጠመደኝ?»

«ዕጣ ነው አንቺ! ዕጣ ዓይን የለውም።»

«እሱ ባይኖረው እርስዎ አለዎት! እስቲ ጫካውን ይዩት። መስፍኑ ከየትኛው ዛፍ ጀርባ ነው የተደበቀው?»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

«እንግዲያው ሥርዓትዎን ጋግረው ይብሉት! እኔ ደጄ ላይ የራሴን እሠራለሁ።»

ሠራች። ጎረቤቷ ዮስትም አይቶ ጭቃ ማቡካት ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በቀጣዩ ቅዳሜ ባርኔጣው ውስጥ ዕጣ የሚጥል ጠፋ። ፌልተን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰው እንደሚጠብቅ ላለመምሰል ወንዙን ሲያይ ዋለ። ዮስት ጭቃ ተሸክሞ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ጋሼ ፌልተን፣ ብቻዎን ዕጣ እያወጡ ነው? ለማን ደረሰ?»

«ለእኔ!» አለ ፌልተን በንዴት።

ካለ በኋላ ነው ጣጣው የገባው። አንደኛ ዕጣ የደረሰው ሰው ማምለጫ የለውም፤ ይህን ሕግ ሲያስከብር የኖረው ደግሞ ራሱ ነው። ሰኞ ማለዳ እያጉረመረመ ፈለጠ፣ ማገደ፣ ጠረገ። ከዚያ ለሃያ ዳቦ በሚበቃው ሆድ ውስጥ አንዲት የአጃ ዳቦ አስገባና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሙቀቱ ሁሉ ለእሷ ብቻ!

ጭሱን ያየችው ኦዲልያ ሊጥ ያለበትን ቅርጫት በወገቧ ደግፋ ብቅ አለች። የእሷ ምድጃ ገና እርጥብ ነው፤ ሊጡ ደግሞ ኩፍ ብሏል።

«ሁለተኛው ማነው?» አለች፣ ሌላ ቦታ እያየች።

«እስካሁን ማንም።»

«ለሙቀቱ ነው የመጣሁት፤ ለወሬ እንዳይመስልዎ።»

«አውቃለሁ።»

ዳቦው እስኪበስል ግን ሳይደርቅ እሳት የነደደበት የዮስት ምድጃ እንዴት ለሁለት እንደተሰነጠቀ ከነድምፁ አወራችለት። ዮስትም ሊጡን ይዞ መጥቶ ኖሮ፣ ከኋላዋ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ደረሱ፤ ሦስተኛና አራተኛ ለመሆን መጋፋት ተጀመረ።

ቅዳሜ ሲደርስ ተሰብስበው ጠየቁት፣ «ለማን ወጣ?»

ፌልተን ባርኔጣውን ከራሱ ላይ እንኳ ሳያወልቅ፣ «ለእኔ» አላቸው።

«አይ የአበልጄ ዕድል!» አለች ኦዲልያ፣ አጠገቡ፣ በተቀመጠበት ግንድ ላይ ቦታ እየያዘች። «ይኼ ሰውዬ እግዜር አይለፍልህ ያለው ነው።»