በሰሙነ ሕማማት ቶክን ስገዛ

ከተማችን ኦሎምፒክን ካስተናገደች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መኪና ስላልነበረኝ ከስቶን ማውንቴን ወዲህ ካለው አፓርታማችን በአውቶቡስ እስከ ጣቢያው፣ ከዚያ በባቡር መሐል ከተማ ቀይሬ ሳንዲ ስፕሪንግስ ድረስ እሄድ ነበር። የምሠራው እዚያ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ምድር ቤት፣ አንሶላ በማጠፍ ነው። ሰኞ ሰኞ ማለዳ ጣቢያው በር ላይ ካለው ማሽን የሳምንቱን ካርድ እገዛለሁ፤ በሱ እስከ እሑድ የፈለጉትን ያህል መግባት ይቻላል። አምስት ቀን ለሚመላለስ ሰው ካርዱ ይረክሳል። አራት ቀን ብቻ ለሚሄድ ግን በየቀኑ ቶክን፣ ለአንድ ጉዞ የምትሆነዋን ሳንቲም መሳይ፣ መግዛት ይሻላል። ይኼን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እኔ ግን በዚያች ሰኞ አንዱን መምረጥ አቅቶኝ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ ገንዘቤን ጨብጬ ቆምኩ።

የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነበረች። ያላወቅኩት ዓርብን ነው። የስቅለት ዕለት ሥራ እገባለሁ ወይስ ቤተ ክርስቲያን ውዬ እሰግዳለሁ?

ጥፋቱ የራሴ ነው። ጾሙ እንደገባ አለቃዬን የስቅለትን ዓርብ ኦፍ እንድትሰጠኝ ጠይቄያት፣ እሷም ደስ ብሏት ቀን መቁጠሪያዋ ላይ ጻፈችልኝ። በቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ ናት፤ ለሷ ስቅለት አንድ ነው። የነሱ ግን በዚያ ዓመት ከኛ በሳምንት ቀድሞ ዋለ። በነሱ ዓርብ እንደ ወትሮዬ ሥራ ብገባ፣ ዛሬ ያንቺ ቀን አይደል ወይ፣ ሂጂ ቸርችሽ ብላ ኮቴን ራሷ አለበሰችኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የለመንኳት ነገር ስለነበር ተሳስተሻል ማለት ከበደኝና አመስግኜ ወጣሁ። ቤት ተመልሼ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ሥራ ከገባሁ ገና ሦስት ወር አልሞላኝም፤ ሁለተኛ ዓርብ በምን አፌ ልጠይቅ?

እናም ሰኞ ሁለት ቶክን ገዛሁ፤ አንድ ለመሄጃ፣ አንድ ለመመለሻ። ካርዱን ብገዛ ዓርብን ለሥራ የሰጠሁ መሰለኝ። እስከ ሐሙስ የሚበቃኝን ቶክን ባንዴ ብገዛ ደግሞ ሳልጠይቅ የተፈቀደልኝ ያህል ነው፤ እሱም ድፍረት ሆነብኝ። ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕም ሁለት። ባቡሩ ውስጥ ዳዊቴን እገልጣለሁ፤ አንድ መዝሙር ሳልጨርስ፣ ዛሬ እነግራታለሁ፣ የለም ነገ፣ ስል ጣቢያዬ ይደርሳል። አብራኝ የምትኖረው፣ በዕድሜ ታላቄ የሆነች ሴት፣ ይኼን ብነግራት ቀለደችብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ እግዜርን በቶክን ልትፈትኚው ነው እንዴ?"

ሐሙስ በምሳ ሰዓት አለቃዬ ራሷ መጣችብኝ። ጠዋት ጠዋት ሁላችንንም አቅፋ ነው ሥራ የምትጀምረው፤ እኔ ግን ከሰኞ ጀምሮ ወደ ኋላ እላለሁ። ይሁዳ ጌታን በመሳም ነውና የሸጠው፣ እኛ በሕማማት መሳሳምም መተቃቀፍም የለንም። እሷ ይኼን በምን ታውቃለች? ያኮረፍኳት መስሏት አራት ቀን ስታብሰለስል ከርማለች።

"ምን አደረግኩሽ?" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

በምችለው እንግሊዝኛ ሁሉንም ነገርኳት፤ የይሁዳን መሳምም፣ የሁለቱን ዓርብም። ባለፈው ዓርብ ታዲያ ቸርች አልሄድሽም ወይ ስትለኝ ልብስ አጠብኩ አልኳት። የታጠፈውን አንሶላ ክምር ተደግፋ ሳቀች።

"ቆይ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትሰቅሉት?"

ከዚያ የሺፍቱን ወረቀት አይታ፣ ዓርብን እሰጥሻለሁ፣ በምትኩ እሑድ ግቢልኝ አለችኝ። እንደ ልማዴ እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ኮቴን ያለበሰችኝ ዕለት ትዝ አለኝ።

"እሑድ ትንሣኤያችን ነው" አልኳት።

ወረቀቱን መልሳ አየች። "ቅዳሜስ?"

"ቅዳሜ እገባለሁ።"

ዓርብ እስኪመሽ ስሰግድ ዋልኩ። ቅዳሜ ማለዳ ሌላው ሰው ቄጤማ ሊቀበል ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እኔ ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ ሳልቀምስ፣ ጉልበቴ በስግደት ተሳስሮ ማሽኑ ፊት ቆምኩ። እስከ ሐሙስ አራት ቀን፣ ከዛሬ ጋር አምስት። ሰኞ ካርዱን ገዝቼ ቢሆን ይረክስልኝ ነበር። ሁለት ቶክን ገዝቼ ገባሁ።