ሚና ላይ የጠፉት እማማ ከድጃ

ባለፈው ሳምንት ሙባረክ የሚባል፣ ኦቤትስ በምትባለው የከተማው ዳርቻ፣ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ወጣት፣ በብሬክ ሰዓት አንድ እፍኝ ተምርና በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ይዞልኝ መጣ። እናቱ ከሐጅ ተመልሰው ነው። «እትዬ ስንዱ፣ ዘምዘም ነው። ክርስቲያንም ቢሆኑ ለጤና ይጠጡት» አለኝ እየሳቀ። «እንኳን በሰላም ገቡልህ» ብዬ ተቀበልኩት። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። የሰው እናት በሰላም መግባቷ እንዲህ ያስለቅሳል ብሎ ማን ይገምታል?

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ የመጣሁት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ ነው። ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ መስኮቱ ንፋስ የሚያስገባ አፓርትመንት ከዘሃራ ጋር ሼር አድርገን እንኖር ነበር። እሷ የኮምቦልቻ ልጅ፣ እኔ የደሴ። ሥጋችንን ለየብቻ እንሠራለን፤ ሽሮው ግን አንድ ድስት ነበር። ማሞቂያው በማይሠራ አሮጌ መኪና፣ እግራችን እየደነዘዘ፣ ወደ አንድ ዌርሃውስ እንሄዳለን።

ዘሃራ አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ሐሳቧ አንድ ነበር፤ እናቷን ሐጅ መላክ። ኦቨርታይም አለ ከተባለ እሷ አለች። እናቷን፣ እማማ ከድጃን፣ በአካል አይቻቸው አላውቅም። በስልክ ግን እንደ ልጃቸው ያዋሩኝ ነበር። የዚያ ዓመት ሐጅ የገጠመው በብርዱ ወራት ነው። እዚህ መንገድ ዳር የተዛቀው በረዶ ጠቁሮ እንደ ግንብ ተከምሯል።

ከመካ ደወሉ። ስልኩን መሃላችን ይዘን ጆሯችንን አስጠጋን።

«ዘሃራዬ፣ ካዕባን አየሁት! በዓይኔ በብረቱ አየሁት!» ድምፃቸው የሕፃን ነበር የሚመስለው። «ሶፋና መርዋ ኮረብቶች መሃል ስመላለስ ጉልበቴ እንዴት እንደታዘዘልኝ! ሐጀር ለልጇ ውሃ ፍለጋ የሮጠችበት ነው። እኔም አንቺን እያሰብኩ ሄድኩበት። ስንዱስ አለች? ላንቺም ዱዓ አድርጌልሻለሁ፣ አብሽሪ።»

ሐጀር፣ እኔ በመጽሐፍ ቅዱሴ አጋር ብዬ የማውቃት እናት መሆኗን ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። በረሃ ውስጥ ልጇ በጥም ሲደክምባት ራቅ ብላ ተቀምጣ ያለቀሰችው።

የአረፋ ዕለት ዘሃራ ጾማ ሥራ ገባች። ካርቶን እያነሳች ፊቷ ያበራ ነበር። «አሁን እናቴ አረፋ ሜዳ ላይ ናት። ሐጅ ማለት አረፋ ነው፣ ስንዱ» አለችኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ መኪናው ውስጥ በተምር አፈጠረች፤ ለእኔም ሰጠችኝ። እንደዚያ ደስ ብሏት ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ስልክ ጠፋ። ኋላ ወንድሟ ከኮምቦልቻ ደወለ። ሐጃጆች በሚሰፍሩበት ሚና ላይ፣ የሐጁን ጠጠር ወርውረው ሲመለሱ ሰዉ ገፍቶ እማማ ከድጃንና አብራቸው የሄደችውን ጎረቤታቸውን ለያይቷቸዋል። ድንኳኑ ሁሉ ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። እማማ ከድጃ ማንበብ አይችሉም፤ ዐረብኛ አያውቁም። እጃቸው ላይ የታሰረው መለያም በግፊያው ተበጥሶ ወድቆ ተገኘ።

«ጠፋች ማለት ምን ማለት ነው?» ትለው ነበር ዘሃራ። «ሰው እንዴት ይጠፋል?»

ዌርሃውሱ ውስጥ አብዲ የሚባል፣ ጅዳ ያደገ ሶማሌ ነበር። ዐረብኛውን አቀላጥፎ ይናገራል። ስንነግረው ምሳውን ትቶ መኪናችን ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሳ ሰዓቱ፣ የስልክ ካርድ እየፋቀ፣ ሆስፒታል ለሆስፒታል ይደውል ጀመር። ዘሃራ ከኋላ ተቀምጣ አፉን አፉን ታየዋለች። መስታወቱ በትንፋሻችን ይሸፈናል። «የለችም» ይላል አብዲ፤ ወደ ሥራ እንመለሳለን።

አንድ ቀን ግን ቶሎ አልዘጋም። ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ምልክት አላት ወይ ይላሉ» አለ በእንግሊዝኛ።

«የግራ እጇ ትንሿ ጣት ቆልመም ያለች ናት» አለች ዘሃራ። «ልጅ ሆና ተሰብራ ነው።»

አብዲ ነገራቸው። ጠበቅን። ከዚያ አንገቱን ደፋና «ኢና ሊላሂ» አለ። ሙስሊም ሞት ሲሰማ የሚለውን ይህን ቃል የሚተረጉምላት አላስፈለጋትም።

እማማ ከድጃ መንገድ ላይ ወድቀው ተገኝተው፣ ሆስፒታል በገቡበት ዕለት አርፈዋል። ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። አጥበው፣ በታላቁ መስጊድ፣ ሐረም ውስጥ ሰግደውባቸው፣ ቀብረዋቸዋል።

ለቅሶው ቤታችንን ሞላው። ሶማሌዎቹ ሩዝ በሥጋ ይዘው መጡ፤ ከቤተ ክርስቲያንም መጡ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። «ታድለው! በሐጅ መሞት፣ መካ መቀበር ለማን ይገኛል? አትዘኝ እንጂ።» ከልባቸው ነው የሚሉት፤ ዘሃራም በእምነቷ ታውቀዋለች። «አሚን» ትላለች አንገቷን ደፍታ።

ኩሽና ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ክንዴን ያዘችኝ።

«ስንዱ፣ ሁሉም ታደለች ይለኛል። ውሃ ብትል እንኳ ቋንቋዋን የሚሰማት አልነበረም። የላክኋት ደግሞ እኔ ነኝ።»

አቅፌ ያዝኳት። ውጭ በረዶ የሚዝቀው መኪና አስፋልቱን እየፋቀ አለፈ።

ከዓመታት በኋላ ዘሃራ ለዑምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ መካ ሄደች። እናቷ የሄዱበትን ሁሉ ሄደችበት። መቃብሩ ግን ሴት አያስገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ተመለሰች። «ገብቼስ?» አለችኝ። «ስም የለው። ድንጋይ ብቻ ነው አሉ፣ እስከ ዳር።»

ዛሬ ሁለታችንም እዚሁ ኮሎምበስ ዳር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ፣ ቤታችን ተቀራርቦ እንኖራለን። ልጆቿ አድገዋል። ትልቋ በቀደም በእንግሊዝኛ፣ «አያቴ ዕድለኛ ነበረች፣ አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። ዘሃራ «አዎ» አለች፤ ውሸት አይደለም። ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው ያለችው።

እኔ የዚያ ሃይማኖት ሰው አይደለሁም። የቦታውን ክብር ግን ከእማማ ከድጃ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ አልጠራጠረውም። ሆኖም ሰው የተመኘው ቅዱስ ቦታ ደርሶም ባይተዋር ሆኖ ሊሞት ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን ሲሽረው እስካሁን አላየሁም።

የሐጅ ወቅት በመጣ ቁጥር የሰዉ ማጽናናት ሲበዛባት ዘሃራ ኮል ታደርገኛለች። «ስንዱ» ትላለች። «ወዬ» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ አንነጋገርም፤ ስልኩንም አንዘጋውም።