የፈላው ውሃ

ሞጣ ተወልጄ ቢቸና ባዮሎጂ ለማስተማር ስቀጠር በሙከራ ነበር። ቋሚ የምሆነው ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብተው ካዩኝ በኋላ ነው። እሳቸው ደግሞ ፊታቸው በቀላሉ የማይፈታ ሽማግሌ ናቸው።

ያን ጠዋት ከወንዝ የነቀልኩትን የውሃ ሣር ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ፣ ቤቴ በር ላይ ካገኘሁት ጀሪካን ውሃ ሞላሁና ከነፍኩ። ፀሐይ ሲያገኝ ቅጠሉ ውሃውን ይሰነጥቅና ኦክስጅኑን በአረፋ ይለቃል፤ ስንቴ አይቼዋለሁ!

ሱፐርቫይዘሩና ርዕሰ መምህሩ ኋላ ተቀመጡ። ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አኑሬ «አሁን ተመልከቱ!» አልኩ። ተመለከትን። አንዲት አረፋ የለችም። ተማሪዎቹ ይሳሳቃሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔ ያልበኛል። የእግዜር ያለህ!

ጠርሙሱን አንስቼ ሳሸተው ጭስ ጭስ አለኝ። ወይ አከራዬ! ታይፎይድ ከጣለኝ ወዲህ «ያልፈላ ውሃ አትቀምሻትም» ያሉኝ ሴትዮ ጀሪካኑን ሙሉ በእንጨት አፍልተውት ኖሯል። ውሃ ሲፈላ ደግሞ ተክሉ የሚፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ይሄዳል።

ምን አባቴ ላድርግ፣ ጉዴን አወጣሁት።

«ለቤተ ክርስቲያን አጥር በደቦ ድንጋይ ስንቀባበል፣ የመጨረሻው ሰው ካልተቀበለ ሁላችንም ድንጋያችንን ታቅፈን እንቆማለን አይደል? ቅጠሉም እንደዚያው ነው። ብርሃን የቀሰቀሰው ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ጉልበቱም ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች በሚባሉ ጉልበት ተሸካሚዎች ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ጉልበት ስኳር የሚሠራበት ካርቦን ከሌለ ግን ሰልፉ ይቆማል፤ ውሃውም አይሰነጠቅም።»

«ታዲያ ካርቦኑን ከየት ልታመጪው ነው?» አሉ ሱፐርቫይዘሩ።

«ከእርስዎ ትንፋሽ» ብዬ የስክርቢቶ ቀፎ ሰጠኋቸው። ምን እንዳደፋፈረኝ እንጃ!

ጉንጫቸው ተወጥሮ ዓይናቸው እስኪያለቅስ ውሃው ውስጥ ነፉበት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ መለስኩት። ትንሽ ቆይቶ ከሣሩ ጫፍ አንዲት አረፋ ብቅ አለች፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ተከታትለው ወጡ። ደስ ብሎኝ እንደ ተማሪ አጨበጨብኩ።

ሱፐርቫይዘሩ እዚያው ቁጭ እንዳሉ ቅጹ ላይ «ቋሚ ትሁን» ብለው ፈረሙና ለርዕሰ መምህሩ ዘረጉለት። እሱ አሁንም አረፋው ላይ አፍጥጧል።

«ተቀበለኝ እንጂ አንተ ሰው!» አሉት፣ «ሰልፉን አታስቁመው።»