የማለቂያ ቀን የሌለው ውል

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ አሰላ ውስጥ ተመሳሳይ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ወላጆቼ ሲፋቱ ዳኛዋ፣ እናቴ የማድርበት ክፍል እስክታዘጋጅልኝ ድረስ ከአባቴ ጋር እንድቆይ ወሰኑ። እናቴም ቤት እንዲሠራላት ከአንድ ግንበኛ ጋር ተዋዋለች። ግንበኛው በቤተ ክርስቲያን አብሯት የሚጸልይ ወንድም ስለሆነ ውሉ ላይ የማለቂያ ቀን ማስጻፍ አፈረች።

ክረምት ላይ «እህቴ፣ ዝናቡ ይለፍ» አላት። ዝናቡ ሲያልፍ ደግሞ «ሠራተኛው ሁሉ ስንዴ አጨዳ ኢተያ ሄዷል» አላት።

«ልጄ እስኪዳር ልትቆይ ነው?» አለችው።

«ለሠርጉ ይደርሳል» ብሎ ሳቀ።

በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ፤ እናቴም መጠየቅ ሰለቻት። ቆርቆሮው ተመትቶ ያለቀው ሻንጣዬን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲ በተሳፈርኩበት ዕለት ነው። ውሉ ላይ የቀረውን ቀን እኔ ልጻፈው፦ ዘንድሮ፣ የመስቀል ማግስት።