የተቀመጥንበት መዝሙር

ልጄ ላሊሴ ፍላሿን «እስከ እሑድ አስቀምጪልኝ» ብላ ስትሰጠኝ፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የማምነውን የእንጨት ሳጥን ከፈትኩና የብል መድኃኒቱ ሽታ አፍንጫዬን ወጋኝ፤ ከሠርግ ልብሴ ሥር እጄን ስሰድም አንድ ካሴት ይዞ ወጣ። ሽፋኑ ላይ በአባቴ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «የወንድም ድሪባ መዝሙሮች» ተብሎ ተጽፏል። ፍላሿን በአንድ እጄ፣ ካሴቱን በሌላው እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ፍላሿ ውስጥ ያለው ላሊሴ ብዙ የደከመችበት በኦሮምኛ የዘመረችው የመጀመሪያ አልበሟ ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለመዘምራኑ መሪ ልትሰጠው ቃል ገብታለች፤ እሱ ደግሞ በቴሌግራም ለሁሉም በነጻ ሊለቀው ነው። ወንጌል አይሸጥም ብሏታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ቅጂ መብት በሬዲዮ ሲከራከሩ ከመስማት በቀር የማውቀው የለኝም። ድሪባን ግን አውቀዋለሁ።

ኦቦ ድሪባ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ስናድግ ጎረቤታችን ነበር። አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አስደግፎ ሲዘረጋው የቆዳና የአሮጌ አቧራ ሽታ ይወጣና፣ እኛ ልጆቹ ዕቃው ራሱ የሚተነፍስ ይመስለን ነበር። አንድ ዓመት በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ሄደና ካሴት አሳተመ። የካሴቶቹ ካርቶኖች በኋላ በአውቶቡስ ሊላኩለት፣ እሱ አንዷን ካሴት ብቻ በኪሱ ይዞ ተመለሰና እስቲ ስሙልኝ ብሎ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰጠ።

በእኛ ዘንድ መዝሙር ማስቀዳት እንደ አገልግሎት ይቆጠር ነበር። ያቺ አንዷ ካሴት ወደ ሙዚቃ ቤት ተወሰደች፤ ባዶ ካሴት ያለው ሁሉ ተሰለፈ፤ ኑኑ ቁምባ ዘመድ ያለው ለዘመዱ፣ አኖ ከተማ እህት ያለችው ለእህቱ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዝናብ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ላከ። ካርቶኖቹ የመጡ ዕለት ሹፌሩ ራሱ የድሪባን መዝሙር በተቀዳ ካሴት ከፍቶ እያዳመጠ ነበር ከተማ የገባው።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ድሪባን ሊመርቀው ወደ ቤቱ ይጎርፍ ጀመር። ወንበር ስላልበቃ ያልተሸጡት ካርቶኖች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረው፣ ጋቢ ለብሰው አግዳሚ ሆኑ። እንግዶቹ እነሱ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ያስቀዱትን ካሴት ከኪሳቸው ያወጡና እጅህን ጭነህ ጸልይልን ይሉታል፤ እሱም ይጸልያል። አንድ ቀን እኔና አባቴም ከእንግዶቹ መካከል ሳለን፣ ሚስቱ አዴ ጫልቱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመችና፣

«የተቀመጣችሁበትን ብትገዙት ኖሮ፣ ዛሬ ወንበር ገዝተን እንጠብቃችሁ ነበር» አለች።

ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው አባቴ ነው። ድሪባ በኦሮምኛ ተዪ አላት፤ የእግዚአብሔር ሰው ስለ ገንዘብ ማንሳቱ ነውር ነበርና። እንግዶቹም ሳቁን ጨርሰው፣ መርቀው ሄዱ፤ ጋቢውን ገልጦ ከሥሩ ያየ አልነበረም። በዓመቱ አኮርዲዮኑ ተሸጠ፤ ድሪባም አኖ ሄዶ ቡና ጫኝ ሆነ።

ማስቀዳት ክፉ ነው አልልም። እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ፣ ከመድኃኒት ይልቅ እንቅልፍ የወሰዳት በዚያ በተቀዳ ካሴት ነው፤ አባቴም ዋናውን የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። ግን ወደ ድሪባ ሄዶ ልቅዳው ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አላስታውስም።

ይህን ለላሊሴ ነገርኳት። «አዮ፣ ዛሬ በነጻ ካልተለቀቀ ማን ይሰማኛል?» አለችኝ፤ እሷም እውነቷን ነው። ስንከራከር ዋልን። በመጨረሻ አንዱን መዝሙር በስሟ በነጻ እንድትሰጥ፣ ሌሎቹ ግን በስሟ እስኪመዘገቡ እኛው ዘንድ እንዲቆዩ ተስማማን።

እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ለመሪው የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በጉባኤ ድምፄን አውጥቼ መጸለይ የምፈራው፣ ልጄ ቤት ገብታ በሩን እስክትዘጋ እንቅልፍ የማይወስደኝ እኔ። መሪው ፈገግ አለና፣ «አዴ፣ ለጌታ የተሰጠ ነገር ይከለከላል እንዴ?» አለኝ።

«ለጌታ ሰጥታለች» አልኩት፤ «ለስልክህ ግን አልሰጠችም።»

ሰዉ ሳቀ። ድሮ ነገሩ በሳቅ እንዴት እንደታለፈ አይቻለሁና፣ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ያንኑ ደግሜ ነገርኩት። መሪው ወደ ላሊሴ ዞረ፤ እሷም አንዱን መዝሙር ብቻ አለችው። ጥቂት አሰበና እሺ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ላሊሴ፣ ድሪባ ሌላ ካሴት አላወጣም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለሁለተኛው ያዘጋጃቸው መዝሙሮች እንደነበሩት፣ ጠዋት ጠዋት እንጨት ሲፈልጥ በዝግታ ሲያዜማቸው ሳህን እያጠብኩ እሰማው እንደነበር ነገርኳት። የአንዱን መጀመሪያ አዜምኩላት። እሷም ዜማውን ወዲያው ያዘችና አብራኝ አዜመችው፤ ቀጣዩ ስንኝ የሚጀምርበት ቦታ ስንደርስ ግን ቃሉን ልትቀበለኝ አፌን አፌን አየችኝ። ድሪባም ጫልቱም ካረፉ ቆይተዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ሰው የለም።